የአባታችሁ ድርሻ

ባለቤቴን እኔ ሳልደርስ ቀበሩብኝ። የቀበራት ታላቅ ወንድሟ ነው። እኔ ዲማ ወርቅ ቁፋሮ ላይ ነበርኩ። ማረፏን በስልክ ሲነግረኝ "እስክደርስ ቆዩኝ" ብዬ ለምኜው ነበር። ዝናቡ መንገዱን አበላሽቶት በማግስቱ ስገባ አፈር ለብሳለች።

"በዚህ ሙቀት ሬሳ ያድራል እንዴ?" አለኝ። ከዚያ ወዲያ ደጄን እንዳይረግጥ ከለከልኩት።

ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ነው፤ ይህን ግን ራሴ ልጽፈው ፈለግኩ። ያቺ ሴት እኔን ስትጠብቅ ነው የኖረችው። በቆሎውን ዘርታ፣ አርማ፣ ልጆቼን ያሳደገች እሷ ናት። ዓሣ ከሠራች መጀመሪያ የኔን ለይታ ትከድናለች። "የአባታችሁ ድርሻ ነው፣ እንዳትነኩ!" ልጆቹ ይስቁባታል።

"እማዬ፣ አባዬ ዲማ ሆኖ በየት በኩል ይበላዋል?"

"መንገድ ላይ ከሆነስ?"

ስንቱን ቀን መንገድ ላይ ሳልሆን ጠበቀችኝ! እንዲያ የጠበቀችኝን ሴት አንድ ሌሊት እንኳ እንድትጠብቀኝ አልተዉልኝም።

የሙት ዓመቷ ዕለት ሴት ልጄ ገና እንግዳ ሳይቀርብ አንድ ሳህን ለይታ ከደነች።

"የማን ነው?"

"የአጎቴ።"

"እሱ አይመጣም፤ ከልክዬዋለሁ።"

"መንገድ ላይ ከሆነስ?" አለችኝ፣ ቁርጥ በእናቷ ድምፅ።

ወጥቼ ባይ ሰውየው ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ኖሯል።

"ግባ እንጂ፣ ምን ይገትርሃል?" አልኩት።

ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልጠበቅኩም። ሳህኑን ከፍተን አብረን በላን። ሐምሌ ሃያ፣ የገብርኤል ማግስት ነበር።