የታኘከ አልጎርስም

አጎቴን የውሸት ዘፈን ያንገሸግሻቸው ነበር። በየዓመቱ በሠርጋቸው መታሰቢያ ዕለት ከባለቤታቸው ከእትዬ ጋር ሺሺንዳ ሄደው ምሳ ይበሉና፣ ማምሻውን ቦንጋ አዳራሽ ገብተው ሙዚቃዊ ተውኔት ያዩ ነበር። ዘፋኞቹ በተቀዳ ድምፅ ላይ አፋቸውን ብቻ ካንቀሳቀሱ ግን ወንበራቸውን አዙረው ለመድረኩ ጀርባቸውን ይሰጣሉ።

"የታኘከ አልጎርስም!"

እትዬ አፍረው የአጎቴን ኮት እጅጌ ይጎትቱ ነበር። "ኧረ በእመብርሃን፣ ሰው ያየናል!"

አጎቴ ካረፉ ወዲህ በመጣው የመጀመሪያ የሠርጋቸው መታሰቢያ ዕለት እትዬን ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ። በመሃላችን አንድ የፕላስቲክ ወንበር ባዶውን ቀረ። መድረክ ላይ ያለችው ልጅ ውኃ ስትጠጣ ዘፈኗ አልተቋረጠም፤ ሰዉም አጨበጨበላት። እኔንም አንገሸገሸኝ።

እትዬ ብድግ ብለው ባዶውን ወንበር አዞሩት።

"እትዬ፣ ሰው ያየናል" አልኳቸው።

"ይየን!" አሉና የራሳቸውንም አዞሩ።