ሴት የማትረግጠው አውድማ

ያገባሁት ከዳባት ወጣ ብላ ወዳለች የገበሬ መንደር ነው። ተወልጄ ያደግሁት ደባርቅ ከተማ ስለሆነ የእርሻ ነገር ብዙ አላውቅም ነበር። አረሙንም አጨዳውንም ያስተማሩኝ የባሌ እናት፣ አማቴ፣ ናቸው። አንድ ነገር ብቻ ከለከሉኝ፤ ገብሱ ተከምሮ በሬዎቹ ሊወቁት ሲገቡ ሴት አውድማው ላይ እግሯን አታሳርፍም።

"ለምን?" አልኳቸው።

"በረከቱ ይነሳላ!"

ስለዚህ ምሳ ይዤ ስሄድ ዳር ላይ አስቀምጬ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ላይ ያስቀኝ ነበር። አንድ ቀን ግን ጎረቤታችን፣ የተከበሩ ሽማግሌ፣ "አንዲት ሴት አህያ ስታባርር አውድማዬን አቋረጠችው፤ ያን ዓመት ምርቴ ለዘር እንኳ አልተረፈም" ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ በአውድማ አጠገብ ሳልፍ ቀሚሴን ሰብስቤ፣ ራቅ ብዬ መሄድ ጀመርኩ። ሳላስበው አምኜ ነበር።

ልጄን በወለድኩ ዓመት ባሌ ከክምር ላይ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ደባርቅ ወስደን ጀሶ ታሰረለት፤ ክምሩ ግን እንዳለ ቀረ። የመንደሩ ወንዶች ሁሉ በየራሳቸው ውቂያ ተጠምደዋል፤ የእኛ ተራ ገና ነው። አንድ ጠዋት እህቴ ከደባርቅ ደወለች።

"እዚህ ዝናብ እየጣለ ነው። ወደናንተም እየመጣ ነው መሰለኝ።"

ወጥቼ ወደ ሰሜን ተራሮች ባይ ሰማዩ ጠቁሯል። የዓመት ቀለባችን ሊበሰብስ ነው። ተመልሼ ገባሁና፣

"በሬዎቹን እኔ እነዳለሁ" አልኩ።

ባሌ ቀና ብሎ እናቱን አየ። አማቴ ልጄን ታቅፈው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መናገር ጀመሩ።

"ድሮ እዚህ አገር ሴቱም ወንዱም አብሮ ነበር የሚወቃው። የእናቴ ታላቅ እህት ልጇን ገለባ ላይ አስተኝታ ስትሠራ በሬ ደነበረና ረገጠው። ሕፃኑ አልተረፈም። አባቷ ያን ጊዜ 'ከእንግዲህ ከቤቴ ሴት አውድማ አትረግጥም' ብሎ ማለ። መንደሩ ሁሉ የእኛው ዘመድ አይደል? ሁሉም ተከተለው። ያን ሐዘን ማንሳት ግን ለሁሉም ከበደ። ልጆች ለምን ብለው ሲጠይቁ 'በረከት ይነሳል' ማለት ቀለለ።"

"እርስዎ ይህን እያወቁ ነው የከለከሉኝ?"

"ማወቁንስ አውቃለሁ ልጄ። ፍርሃቱ ግን አብሮኝ አደገ፤ የት አባቴ ልጣለው?" አሉና ልጄን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዟት። "እሷን እኔ እይዛታለሁ። አንቺ ሂጂ።"

ሄድኩ። ነዶውን በትኜ በሬዎቹን አስገባሁ። መጀመሪያ አላወቁኝምና ቆሙ፤ ባሌ ሲነዳ እንደምሰማው ስጮህባቸው ግን መዞር ጀመሩ። ገብሱ ከእግራቸው ሥር ሲንኮሻኮሽ ደስ አለኝ። በዚህ መሃል ጎረቤታችን መጡ።

"ኧረ በማርያም! ምን ጉድ ነው የማየው? ያቺ ሴት ያደረገችኝን ረሳችሁት?"

ዳር ላይ ልጄን አዝለው የቆሙት አማቴ መለሱላቸው።

"ያን ዓመት ውርጭ መትቶን አልነበረም? የእኔም ማሳ ተቃጥሏል። በእኔ አውድማ ማን አቋረጠ?"

ሽማግሌው ነጭ ጢማቸውን እየዳበሱ አሰቡ።

"እውነትሽን ነው፤ ውርጭ ነበር" አሉ በመጨረሻ። "እኔ ትዝ የምትለኝ ሴትዮዋ ናት።"

እኔም ያን ጊዜ ገባኝ። ውርጭን ማን ይቆጣዋል? ሴትዮዋ ግን ፊት አላት፤ ቂም የሚያዝባት እሷ ነች።

ተወቅቶ ሲያልቅ ነፋስ ጠፋ። ፍሬውን ከገለባው በነፋስ የምለይበትን ላይዳ ይዤ ቆምኩ፤ አንዲት ቅጠል እንኳ አትነቃነቅም። ጥቁሩ ደመና እየቀረበ ነው። እውነት ለመናገር ልቤ ከዳኝ፤ "በእኔ ምክንያት ይሆን?" አልኩ። ያን ሁሉ ሰምቼ እንኳ! ከሰዓት በኋላ ግን፣ እንደ ወትሮው፣ ከገደሉ በኩል ነፋሱ ተነሳ። የመጀመሪያውን ላይዳ ወደ ላይ ወረወርኩ። ገለባው ተንሳፎ ሄደ፤ ፍሬው እግሬ ሥር ዘነበ። ደግሜ ወረወርኩ። ጎረቤታችን ጋቢያቸውን አውልቀው ባለ ጣቱን እንጨት፣ መንሹን፣ አነሱ።

"ወደዚያ ጠጋ በይ፤ እንዲህ ነው የሚያዘው" አሉኝ።

የመጨረሻውን ጆንያ ቤት ስናስገባ ዝናቡ ወረደ። ጎተራው ሞልቶ ተረፈ። አማቴ ደጃፉ ላይ ቆመው፣ ዝናቡ እየመታቸው፣ እልልታቸውን አቀለጡት። ባሌ በምርኩዙ ተደግፎ መጣና እፍኝ ሙሉ ገብስ ዘግኖ መዳፌ ላይ አፈሰሰልኝ።

"ይሄ ያንቺ ነው" አለኝ።

በሚቀጥለው ዓመት ጎረቤታችን ሲወቁ ባለቤታቸው በሬ ስትነዳ አየሁ። ቀጥሎ ሌሎቹ ገቡ። ዛሬ በውቂያ ሰሞን በመንደራችን የሚያልፍ ሰው የሴቶች ዘፈን ከየአውድማው ይሰማል። ሕፃናቱን ከበሬ አርቀን፣ ጥላ ሥር፣ በተራ እንጠብቃቸዋለን።