ማኑሄ፣ የግራ ወንበር ሹም

ማኑሄ እንቢ ማለት አያውቅም ነበር። ይህን ጨዋነት እያሉ ያሞገሱት ብዙ ናቸው፤ ካሞገሱት መካከል ከጨዋነቱ ያልበላ ግን አይገኝም። ሱዳን በስደተኛ ሰፈር ሳለ የውሃ ወረፋውን ለለመነው ሁሉ እየለቀቀ እሱ በጥም ይደርቅ ነበር። አሜሪካ፣ ኧርቪንግ ከተማ ገብቶ እንግዳ የሚያመላልስ የሆቴል ሻትል መንዳት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ የገና ሺፍት የእሱ፣ የፋሲካ ሺፍት የእሱ፣ የታመመው ሁሉ ሺፍት የእሱ ሆነ። ይሉኝታ የሚሉት ያ አሮጌ ባላባት፣ መሬት ላራሹ ከታወጀ በኋላም ርስቱን አልለቀቀም፤ ገባሩን ተከትሎ ውቅያኖስ ተሻግሮ ቴክሳስ ድረስ መጣ።

ማኑሄ ከሁሉ የበለጠ የሚገብረው ለጋሽ ወልደ ሥላሴ ነበር። የዛሬ ሃያ ዓመት ከኤርፖርት የተቀበሉት፣ ሶፋቸው ላይ ያስተኙት፣ በራሳቸው ታክሲ መንዳት ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። አሁን ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ጡረታ ወጥተው ሳክሲ በምትባል በአቅራቢያው ባለች ከተማ ከልጃቸው ከፀደይ ጋር ይኖራሉ። ግላኮማ ዓይናቸውን ከዳር ከዳር በልቶ መሃሉን ብቻ ትቶላቸዋል፤ ዓለምን የሚያዩት በቧንቧ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ነው። መንጃ ፈቃዳቸውን ግን በኢንተርኔት አድሰዋል፤ ኮምፒውተር እንደሆን የሰው ዓይን ገልጦ አያይ። የልጅ ልጃቸውን ኤልዳናን በየቀኑ ከትምህርት ቤት የሚያመጧት እሳቸው ናቸው። በቀኛቸው የቆመ ሰው ሰላም ሲላቸው ለግራው ግድግዳ እጅ ይነሣሉ። ይህን የማያውቅ ምእመን የለም። የሚናገርም የለም።

«ጋሽ ማኑሄ፣ አባቴ መንዳት እንዲያቆም አንተ ንገረው» አለችው ፀደይ፣ አንድ እሑድ የቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ላይ። «አንተን ይሰማል።»

«ኧረ እኔ! መንዳት ያስተማሩኝን ሰው ‹አያዩም› ልበላቸው? በየትኛው አፌ?»

«እኔ ብነግረው እኮ ልቡ ይሰበራል፤ ከዚያ ወዲያ ሰው አይሆንም። ደግሞ ማለቴ... እሱ ካልነዳ ኤልዳናን ማን ፒክ ያደርጋታል? ሁለት ሥራ ነው ያለኝ።»

«ቄሱ ይንገሯቸዋ!»

ቄሱ ይህ የሐኪም ነገር ነው አሉ። ሐኪሙ ይህ የቤተሰብ ነገር ነው አለ። ቅብብሎሹ ዞሮ ዞሮ ፓርኪንጉ ላይ ቀረ።

ከከተማው ዳር የድሮው የመኪና መንገድ ቁራጭ አለ። የዛሬ መቶ ዓመት፣ ሌላው ሁሉ ጭቃ በነበረበት ዘመን፣ ለመኪና ተብሎ በሲሚንቶ የተነጠፈ የአካባቢው የመጀመሪያ መንገድ ነው። ከባሕር እስከ ባሕር ያደርሳል ተብሎ ተፎክሮበታል፤ ዛሬ ከአንድ መጋዘን ጀርባ ይነሣና አንድ ቦይ ዘንድ ሲደርስ ይሞታል። ያነጠፉት በሰንሰለት የተቆራኙ እስረኞች ናቸው፤ ድንጋዩ ላይ የተቀረጸው ግን ሪባን የቆረጠው ከንቲባ ስም ነው። ለምርቃቱ የመኪና እሽቅድምድም ተደርጎ ነበር። ያን ጊዜ የውድድር መኪና ሁለት ሰው ይይዛል፤ በቀኝ ሾፌር፣ በግራ መካኒክ። መካኒኩ ዘይቱን በእጅ ፓምፕ ወደ ሞተሩ ይገፋል፣ ከኋላ ማን እንደደረሰባቸው ዞሮ ያያል፤ የሞተሩ ጩኸት አላነጋግር ስለሚል ያየውን የሾፌሩን ጉልበት እየመታ ይናገራል። መኪናው ሲገለበጥ ቀድሞ የሚሞት እሱ ነው፤ ሲያሸንፍ ዋንጫው ላይ ስሙ አይጻፍም። ለማኑሄ በልኩ የተሰፋ ሥራ!

የመንገዱ ታሪክ ማኅበር በየዓመቱ ከዚያ ዘመን የተረፈችውን አንዲት መኪና አስነሥቶ በቁራጩ ላይ ያስነዳል። ነጂው አምና ሞተ። ማኅበርተኞቹ አብረው ከማርጀታቸው በቀር ሌላ ሥራ ስላልነበራቸው «አዲስ ፊት ያስፈልገናል» ተባባሉና፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄዱ መኪናዋን ሲወለውሉ የቆዩት ጋሽ ወልደ ሥላሴ ተመረጡ። ሊቀመንበሯ ማኑሄን ለብቻው ጠርታ «ዓይናቸው እንዴት ነው?» አለችው።

«በጣም ጥሩ» አለ ማኑሄ። አፉ ነው የመለሰው፤ ራሱ በኋላ ደረሰ። ራሱ ሲደርስ ደነገጠና፣ በግራው ወንበር እኔ ካልተቀመጥኩ አለ።

በልምምዱ ቀን «ጋሼ፣ የጥንቶቹ እንዲህ ያደርጉ ነበር» አላቸው። «ጉልበትዎን አንዴ ስመታ ወደ ግራ፣ ሁለቴ ስመታ ወደ ቀኝ፣ ጨብጬ ስይዝ ፍሬን።»

«እኔ መንገዱ ይታየኛል እኮ!»

«ይታይዎታል ጋሼ። ለታሪኩ ያህል ነው።»

«ለታሪኩ ከሆነማ ምታ!»

መታ። መኪናዋ ሄደች፣ ዞረች፣ ቆመች። ማኑሄ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ተናገረ፤ እሱንም በሰው ጉልበት ላይ።

የበዓሉ ቀን ዕድርተኛው ነጠላውን ለብሶ መጣ። የእኛ ሰው ዋንጫ ሊበላ ነው ተብሎ ተወርቶ ነበር፤ ዋንጫ የሚባል ነገር ግን አልነበረም። አረጋውያኑ ከቦዩ አጠገብ ባለው መታጠፊያ ላይ ታጣፊ ወንበር ዘርግተው ተቀመጡ። መኪናዋ በሯም ቀበቶዋም የለም፤ እያጓራች ስትመጣ ልጆች ስልካቸውን ቀሰሩ። የማኑሄ እጅ ከጋሽ ወልደ ሥላሴ ጉልበት አልተነሣም።

መታጠፊያው ዘንድ ሲደርሱ የደብሩ ትልቅ ሰው እማማ እናትነሽ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡና እጅ ነሡት።

አሮጊት ቆማ እጅ ስትነሣው ተቀምጦ የሚያይ ሰው ማኑሄን ካሳደገ ቤት አይወጣም። ከወንበሩ ብድግ አለ። ቆቡን አወለቀ። ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «እግዜር ይስጥልኝ እማማ!» ብሎ ጎንበስ አለ። መንገዱ ወደ ግራ ዞረ፤ መኪናዋ አልዞረችም።

ቦዩ ውስጥ በግራ ጎኗ ተኛች፤ የማኑሄ ግራ እግር ከሥሯ ነበር። ጋሽ ወልደ ሥላሴ ግንባራቸው ተጫረ።

እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። ጠያቂው ጎረፈ። በኮሪደሩ «እኔ እኮ አያዩም ብያለሁ!» «ማን ያላለ አለ!» እየተባባለ፣ በሩን ሲያልፍ «እንኳን እግዜር ሁለታችሁንም አተረፈ» ይላል። ነጋሽ የሚባለው የዕድሩ ሊቀመንበር እንዲያውም «ጋሼ፣ መኪናዋን ባይቆጣጠሯት ኖሮ ማኑሄ አልቆለት ነበር» ብሎ አመሰገናቸው። እንዴት እንደተቆጣጠሯት አላብራራም።

ከዚያ የኢንሹራንስ መርማሪ መጣ። ጋሽ ወልደ ሥላሴ አልጋው አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ፀደይ በሩ ላይ ቆማለች።

«አንድ ጥያቄ ብቻ ነው» አለ መርማሪው። «ሾፌሩ በደንብ ያያሉ?»

«ንገረው እንጂ፣ ማኑሄ!» አሉ ጋሽ ወልደ ሥላሴ፤ የግሉኮሱን ማንጠልጠያ ትከሻው መስሏቸው እየደባበሱ።

ማኑሄ ብረቱን የሚደባብሰውን እጅ አየ። ያ እጅ ማርሽ ያስያዘው እጅ ነው። ፀደይን አየ፤ እሷ ወለሉን ታያለች። አንድ ቃል ብቻ ነበር የቀረው። እግሩ ሄዷል፤ ከእንግዲህ ምን ይወስዱበታል? በአያቷ መኪና የኋላ ወንበር ላይ ቦርሳዋን ታቅፋ የምትቀመጠው ኤልዳና በዓይኑ ላይ መጣች።

«ፍሬኑ ነው» አለ። «ፍሬኑ አልያዘም።»

መርማሪው ጽፎ ሄደ።

«የወንድ ልጅ!» አሉ ጋሽ ወልደ ሥላሴ።

ፀደይ ሰዓቷን አየች። «ዳዲ፣ ሥራ ረፈደብኝ። ኤልዳናን... ፒክ ታደርጋታለህ?»

«እንዴታ! ቁልፉን አምጪ።»

ቁልፉን ስትሰጣቸው ማኑሄን አላየችውም። ሽማግሌው ተነሡ፤ የአልጋውን ብረት ይዘው፣ ከዚያ ግድግዳውን ይዘው ወደ በሩ ሄዱ።

«ጋሼ!» አለ ማኑሄ።

«አቤት፣ ልጄ?»

ብርድ ልብሱን ጨብጦ ያዘ።

«ቀስ ብለው ይንዱ።»