ከሚስተር ኦሊስ መኝታ በላይ ያለው ቅርንጫፍ

ዋኒታ ፔትዌይ ገና አንድ ቅጠል ሳትነካ ቀኑ መቶ ሰማንያ ዶላር ይበላባታል። የመኪናው ነዳጅ፣ የሞተር መጋዙ ዘይት፣ በረዶ፣ ለእሷና ከታች ገመድ ለሚይዝላት ለአጎቷ ለሮስኮ ቋሊማ በዳቦ፤ ከሁሉም የሚብሰው ግን ኢንሹራንሱ ነው። ያንን ለመመለስ በባሕር ዳርቻዋ በሞቢል ከተማ በየሰው ግቢ ኦክ በሚባለው ግዙፍ ዛፍ ላይ ተንጠልጥላ ትውላለች። ዛፍ መቁረጥ ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው።

በጥርና በየካቲት ስልኳ ዝም ይላል። የአየር ትንበያው ለሚመጣው አውሎ ነፋስ ስም ያወጣለት ቀን ግን ዛፉ ትዝ የማይለው ሰው የለም።

ያን ረቡዕ ማዕበሉ ሊደርስ ግማሽ ቀን ሲቀረው የደወሉት ሰማንያን የተሻገሩት፣ ባለትዳር ቢሆኑም ሰፈሩ በአክብሮት ‹ሚስ› የሚላቸው ሚስ ቨርዲ ናቸው። ባላቸው ሚስተር ኦሊስ እግራቸው አይታዘዝም። ከተማውን ለቃችሁ ውጡ ቢባሉም እምቢ ብለዋል። ከተኙበት ክፍል ጣራ በላይ ደግሞ የሰው ወገብ የሚያክል ቅርንጫፍ ተጋድሟል።

«ደረስሽልኝ የኔ ልጅ! ያቺን አንዷን ብቻ!» አሉ ሚስ ቨርዲ ደጃፍ ላይ ቆመው።

«ጥር ላይ ነግሬዎት ነበር እኮ።»

«ጥር ላይማ ንፋሱ የት ነበረ?»

ዋኒታ ቀበቶዋን ታጥቃ ወጣች። ጣራውን እንዳለፈች ዛፉ እንደ ጀልባ ያወዛውዛት ጀመር። ቅርንጫፉ ከግንዱ በሚገናኝበት ቦታ እጇን አሳረፈች። ተሰንጥቋል። ንፋሱ በመጣ ቁጥር ስንጥቁ ይከፈታል፤ ሲያልፍ ይገጥማል። ጣቷን ቶሎ አወጣች። መጋዝ ካስነካችው ገመዱም አይይዘውም፤ ተገንጥሎ በቀጥታ ወደ ጣራው ነው።

ማዶ ካለው ቤት ሁለት ጎረምሶች በተዋሱት መጋዝ ቅርንጫፍ እየቆረጡ መንገድ ዳር ይከምራሉ። ቆሻሻ መጣያው ከጠዋት ጀምሮ ተዘግቷል፤ ክምሩን የሚያነሳው የለም።

«እመቤት! እዚያ ላይ ጎጆ ልትሠሪ ነው?» አለ አንደኛው።

«ወይ ቁረጪ ወይ ውረጂ! ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ!» ጮኸ ሮስኮ ከታች።

«ያንተ ጉልበትማ ፀሐይ ላይም ይንቀጠቀጣል፣ አጎቴ! ገመዱን ያዝ!»

ወረደች። «አልቆርጠውም፣ ሚስ ቨርዲ።»

«ፈራሽ?»

«አዎ፣ ፈራሁ። አሁን ከነካሁት አሁኑኑ ይወድቅባቸዋል። ብተወው ደግሞ ማዕበሉ ይጥለዋል። ስለዚህ አልጋው ይነሳ።»

ሚስተር ኦሊስ ከውስጥ ሰምተው ኖሮ፣ «ዛፍ ቆራጭ ጠርተን አልጋ ተሸካሚ መጣልን!» ብለው ተሳደቡ። «ከዚህ መስኮት አልነሳም!»

አልጋው በበሩ አልወጣ አለ። ሮስኮ በሩን ነቀለው፤ እሱም አልበቃ። ንፋሱ መስኮቱን ሲያንኳኳ ሰውዬው እምቢታቸውን ተዉ፤ ከነፍራሻቸው ተሸክመዋቸው ወደ ፊተኛው ክፍል ገቡ።

«እዚያማ አይሆንም!» ሚስ ቨርዲ ሶፋው ፊት ተገተሩ። «እዚህ የሚቀመጠው ሊጠይቀን ሲመጣ ፓስተሩ ብቻ ነው!»

ሚስተር ኦሊስ ሳቃቸው አመለጣቸው። «አርባ ዓመት ተከልክዬ በፍራሽ ገባሁ!»

ዋኒታ የመጣችበትን ሒሳብ እንኳ ሳትጠይቅ ሄደች። ቤቷ ገብታም አላረፈችም። ቅርንጫፉ ባይወድቅስ? ሰፈሩ ሁሉ ‹ዛፍ ላይ ወጥታ ባዶ እጇን የወረደችው› እያለ ሊስቅባት ነው። እንዲያም ሆኖ እንዳይወድቅ ጸለየች።

ማዕበሉ ሲያልፍ ዋኒታና ሮስኮ የወደቁ የኤሌክትሪክ ሽቦዎችን እየዞሩ ሚስ ቨርዲ ቤት ደረሱ። መንገድ ዳር ከተከመረው እንጨት አንዱ የጎረቤት መኪና መስታወት ሰብሮ ገብቷል። የሚስ ቨርዲ መኝታ ቤት ሰማይ ይታይበታል። ቅርንጫፉ የብረት አልጋውን መሀል ለመሀል አጥፎ ተጋድሟል።

ሚስተር ኦሊስ የፓስተሩ ሶፋ ሥር፣ ፍራሻቸው ላይ፣ የታሸገ የኮክ ፍሬ በማንኪያ ይበላሉ። ሚስ ቨርዲ የዋኒታን እጅ ይዘው ቆዩ።

ዋኒታ ይህን ለምታነቡ አንድ ልመና አላት፦ «ዛፍ ቆራጭ ስትጠሩ በቅድሚያ ከዛፉ በታች ባለው ጣራ ሥር ማን እንደሚተኛ ንገሩት። ወጥቶ አይቶ ‹አልቆርጥም› ካላችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ሌላ ከመጥራታችሁ በፊት ምን እንዳየ ጠይቁት።»