ሚዜዎቹ ውሃ የገቡ ዕለት

አሠልጣኛችን መጀመሪያ ያስተማሩን መደባደብ ነው። መዋኘቱንማ ሐዋሳ ታቦር ሰፈር ተወልጄ ስላደግሁ ከወንድሞቼ ጋር ተደብቄ ሐይቁ ዳር ተምሬው ነበር። ሰውየው አገራችን ባሕር በነበራት ዘመን ባሕር ኃይል ያገለገሉ ናቸው። በስተርጅና ሐዋሳ ወርደው በአንድ ሆቴል መዋኛ ገንዳ ነፍስ አድን ሠራተኞችን ያሠለጥኑ ጀመር። ጋሼ ነበር የምንላቸው። ከሠልጣኞቹ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ጋሼ ግን ለሴት ብለው የሚያለዝቡት ክንድ አልነበራቸውም።

«ውሃ የወሰደው ሰው አረፋ ይጨብጣል ይላል ተረቱ» አሉን ገንዳው ውስጥ ቆመው። «ውሸት ነው። የሚጨብጠው አንገታችሁን ነው።»

ይህን ብለው አንገቴን ያዙኝ። እንዲህ ለማሳየት ያህል መስሎኝ ነበር። ይዘውኝ ወረዱ። ቧጨርኳቸው፣ ነከስኳቸው፣ በጉልበቴ ሆዳቸውን ነረትኳቸው፤ አልለቀቁኝም። ዓይኔ ሲጨልም ለቀቁኝና ጠርዙን ይዤ ቁርሴን ሁሉ አስመለስኩ።

«ወደ ላይ አትታገይ» አሉኝ፣ እኔ ገና እያሳልኩ። «ወደ ታች ውረጂ። እሱ ወደ ታች መሄድ ስለማይፈልግ ይለቅሻል። ካልለቀቀሽ ምቺው። ሁለት ሬሳ ከማወጣ አንድ የተፈነከተ ሰው ባወጣ እመርጣለሁ።»

ጠላኋቸው። እናቴ አንገቴ ላይ የጣት ምልክት አይታ «ባል ሳታገቢ ማነው እንዲህ የሚያንቅሽ?» አለችኝ። ሥራ ነው አልኳት፤ ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ ግን ለማስረዳት አልሞከርኩም።

ደረት መጫንን አሸዋ በሞላ ጆንያ ላይ ነበር የተማርነው። ስንለሳለስ ካዩ ከኋላ በጥፊ ማጅራታችንን ይሉን ነበር። በተለይ አንድ ነገር ሲነሳ ደማቸው ይፈላል። እኛ አገር ሰው ከውሃ ሲወጣ መጀመሪያ የሚደረገው በእግሩ ዘቅዝቆ ውሃውን ማራገፍ ነው። ሐይቁ ዳር ያደገ ሁሉ አይቶታል፤ አድርጎታልም። «ሰው ጀሪካን ነው እንዴ?» ይላሉ ጋሼ። «የሚሞተው ትንፋሽ አጥቶ ነው! ትንፋሽ ስጡት፣ ደረቱን ጫኑት! እግሩን የሚይዝ ሰው ካያችሁ እጁን ስበሩት!» እንስቅ ነበር።

እዚያው ሆቴል ሥራ ከጀመርኩ በኋላ በአንድ ቅዳሜ ሙሽሮች ለፎቶ መጡ። ቅዳሜና እሑድ ያለ ነው፤ ሐይቁ ዳር ፎቶ ተነስተው ሲያበቁ ወደ ገንዳው ይመጣሉ። ሚዜዎቹ አንድ ዓይነት ሰማያዊ ሱፍ ለብሰው ይጨፍራሉ። ቪዲዮ የሚቀርጸው ልጅ አላስችል አለውና «ሁላችሁም አንድ ላይ ዝለሉልኝ፣ ምርጥ ትወጣለች!» አላቸው። ፊሽካዬን ነፋሁ። አንዱ፣ ትከሻው እንደ በር የሰፋ ሚዜ፣ «ዛሬ ሰርግ ነው እኮ የኔ እናት፣ አታካብጂ» አለኝና ጫማውን ማውለቅ ጀመረ።

መጨረሻ ላይ የቆመው ቀጭን ልጅ የሙሽራው የዩኒቨርሲቲ ጓደኛ ነበር፤ ለትምህርት ከደብረ ማርቆስ የመጣ። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። ያኔ ያየሁት ጫማውን ጎን ለጎን አስተካክሎ አስቀምጦ ውሃውን ሲያይ፣ ከዚያ ሌሎቹን ሲያይ ነው። ከጠዋት ጀምሮ አንዱ ሚዜ ያደረገውን ሁሉም ሲያደርጉ ውለዋል፤ በአንድ ላይ በልተዋል፣ የሙሽሪትን በር በአንድ ላይ ገፍተው ገብተዋል። ሌሎቹ የሐዋሳ ልጆች ስለሆኑ መዋኘት ትችላለህ ወይ ብሎ የጠየቀው የለም። ሚዜ ደግሞ ወደ ኋላ አይቀርም። ዘለለ።

ሌሎቹ እየሳቁ ብቅ ብቅ አሉ። እሱ አፉን ከፍቶ ወጣ፣ ድምፅ ሳያሰማ ተመልሶ ገባ። እንደገና ሲወጣ እጆቹ ውሃውን ከላይ ወደ ታች ይደበድባሉ። ሴቶቹ የሚጫወት መስሏቸው እልል አሉ።

ዘልዬ ገባሁ። ከኋላው ልይዘው ስል ዞሮ አንገቴን አነቀኝ። ያ ቀጭን ልጅ ጉልበቱን ከየት እንዳመጣው እንጃ። ወደ ታች ወረድኩ፤ አልለቀቀኝም። እግሮቹን ወገቤ ላይ ጠምጥሞ በራሴ ላይ ሊወጣ ታገለ። ውሃ ጠጣሁ። ያን ሰዓት ላድነው አልፈለግሁም፤ እኔ መኖር ፈለግሁ። አፍንጫውን በቡጢ መታሁት። አልለቀቀም። ደገምኩት፣ ደሙ ፊቴ ላይ ተበተነ፣ ጣቶቹም ላሉ። ወዲያው ደግሞ መላ ሰውነቱ ዛለ። አገጩን ይዤ እየጎተትኩ ጠርዙ ላይ አወጣሁት።

አይተነፍስም ነበር። እጄን ወደ ደረቱ ሳልሰድ ሚዜዎቹ ነጠቁኝ። ሁለት ሆነው በእግሩ ዘቅዝቀው አነሱትና ያራግፉት ጀመር። ጭንቅላቱ ከሴራሚኩ ጋር ሲጋጭ ተሰማኝ። «አውርዱት!» ብዬ ጮህኩ፣ የሰማኝ የለም። ወዳጃቸው ነው፣ የሚያውቁትን ሁሉ እያደረጉለት ነው። የባለ ሰፊ ትከሻውን እጅ ነከስኩት፤ ደሙን እስክቀምስ ነከስኩት። እግሩን ለቆ ፀጉሬን ያዘና ወደ ወንበሮቹ ወረወረኝ።

ጋሼ ከልብስ መቀየሪያው ክፍል የወጡት ይሄኔ ነው። ቅጠል የሚጠረግበትን ረጅም ዘንግ አንስተው የባለ ሰፊ ትከሻውን ክርን መቱት። ሁለተኛው የልጁን እግር ለቆ ሸሸ። «ሥራሽን!» አሉኝ ሽማግሌው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ዘንጉን እያወዛወዙ።

አፌን አፉ ላይ አድርጌ ነፋሁ። «ትስመዋለች እንዴ!» አለች አንዷ። ደረቱን መጫን ስጀምር ከእጄ ሥር አጥንቱ ቀጭ አለ። «ሰበረችው! ልትገድለው ነው!» የሚል ጩኸት ተነሳ። ጋሼ አንዱን ሲመቱ እሰማለሁ፣ እሳቸውም ሲመቱ እሰማለሁ። ሙሽሪት ቬሎዋን በውሃ እያራሰች ተንበርክካ እጇን ደረቱ ላይ ጫነችና «በኢየሱስ ስም!» ብላ መጸለይ ያዘች። «ጸልዪ፣ ግን እጅሽን አንሺ!» ብዬ ገፈተርኳት። አጥንቱ ከእጄ ሥር ላላ፤ አላቆምኩም። ክንዴ ሲደነዝዝ፣ ጋሼም ከጀርባዬ ማቃሰት ሲጀምሩ፣ ልጁ ሆዱ ተርገፍግፎ የሰርጉን ምሳ ጉልበቴ ላይ አወጣው። በጎኑ ገለበጥኩት። እንደ አህያ እያናፋ አየር ሳበ።

አምቡላንስ የሚጠብቅ አልነበረም፣ በሙሽሮቹ መኪና ጫንነው። በሪባንና በአበባ የተሸፈነ መኪና ጥሩምባውን እየነፋ በመሃል ከተማ ሲበር ሕዝቡ ምን ይጠርጥር? ሴቶች ከሱቅ ደጃፍ እልል ይላሉ። ባጃጆቹ መንገድ በመልቀቅ ፋንታ በጥሩምባ አጀቡን። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ «አንተ ደንቆሮ፣ ሰው እየሞተ ነው፣ ልቀቅ!» እላለሁ፤ ባለባጃጁ ስቆ እጁን ያውለበልብልኛል። ሚዜው ጭኔ ላይ ተኝቶ ደም ያስላል። በሕይወቴ እንደዚያ ባለባጃጅ የጠላሁት ሰው የለም።

ሐኪሙ አፍንጫውና የጎድን አጥንቶቹ መሰበራቸውን፣ ሳንባው ግን እንደሚድን ነገረን። ፀጉሬን የያዘኝ ሰውዬ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ ያለቅስ ነበር። ላጽናናው አልሄድኩም።

የልጁ እናት ከደብረ ማርቆስ ገሥግሠው እንደመጡ ስሰማ ልጠይቀው ሄድኩ። ልጁ ፊቱ አብጦ ተጋድሟል። ማን እንደሆንኩ ሲነገራቸው እናትየው ተነስተው ሁለቱን እጆቼን ያዙና ይስሙ ጀመር። «እጅሽ ይባረክ ልጄ፣ እመቤቴ ትከተልሽ! አንድ ነው፣ ሌላ የለኝም!» እየሳሙ ወደ አልጋው ሳቡኝ፤ እጄን ግንባሩ ላይ እንዳደርግለት ነበር።

ልጁ ክንዱን ፊቱ ላይ ጋርዶ ወደ ግድግዳው ተጠጋ። ሲንቀሳቀስ ጎኑን ስላመመው አቃሰተ።

«ምን ሆንክ? ከውሃ ያወጣችህ እኮ እሷ ናት!» አሉት እናቱ።

«አውቃለሁ እማዬ» አለ ከክንዱ ሥር። «እጇን ግን አርቂልኝ።»

እናትየው አፈሩ። እኔ ተናደድኩ፤ እውነቱን ለመናገር እዚያው ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። እጆቼን ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ከትቼ አልጋው ግርጌ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ክንዱን ከፊቱ አላነሳም። ብርድ ልብሱ ደረቱ ላይ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። እየፈራኝም ቢሆን ይተነፍስ ነበር።