እሁድ የማይሠራ የዓመት ካርድ

ዛሬ ለልጄ የመጫወቻ ፓርክ የዓመት ካርድ ልገዛላት ብዬ ትኬት መቁረጫው ጋ ግማሽ ሰዓት ስከራከር ቆየሁ።

«ጋሼ፣ እዚህ እኮ ዋጋ አይቀነስም» ትለኛለች ትኬት ቆራጯ። እኔ ደግሞ የመርካቶ በርበሬ በረንዳ ነጋዴ ነኝ፤ ሳልከራከር ከከፈልኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ከኋላዬ ሰልፈኛው ያጉረመርማል። በመጨረሻ አለቃዋ ሰልችቶት ቀነሰልኝ።

ደረቴን ነፍቼ ብር ሳወጣ አብራኝ የቆመችው ልጄ መስኮቱ ላይ የተለጠፈውን አነበበችልኝ፦ «ካርዱ እሁድና በዓል አይሠራም።»

እኔ ሱቅ የምዘጋው እሁድና በዓል ብቻ ነው እኮ! በርበሬ ሳልቀምስ የማልገዛ ሰውዬ፣ ዛሬ የምገዛውን ሳላይ ዋጋ አስቀንሳለሁ! ተናድጄ ትቼው ወጣሁ።

ታክሲ ውስጥ ልጄ ቀስ ብላ፣ «አባዬ፣ ትምህርት ቤት ለክረምት ሲዘጋ አንተም ከሥራ ቀን አንዱን ሱቁን ብትዘጋውስ?» አለችኝ።

ከእሷ ጋር መከራከር አቃተኝ። ባለሱቆች፣ እናንተ ለልጆቻችሁ ምን ብላችሁ ነው የምትመልሱት?