ለልጇ የተመረገው ጋን

ክልል በሆንን ሰሞን ከጋምቤላ ከተማ እዚያው ክልላችን ውስጥ ያለችው መቲ ለመድረስ ወደ ጎሬ ወጥቶ፣ በቴፒ ዞሮ፣ በሌላ ክልል አልፎ ነበር። ካርታው ላይ አንድ ሆነናል፤ መንገዱ ግን ወሬው ገና አልደረሰውም። ያን መንገድ የሄድኩት መርዶ ይዤ ነው።

የሞተው ከወንድሜ ጋር ባሮ ላይ ዓሣ የሚያጠምድ የመቲ ልጅ ነው። በክረምት ሙላት ታንኳቸው ተገለበጠች። ወንድሜ ዋኝቶ ወጣ፤ እሱን ወንዙ ወሰደው፤ ሬሳውም አልተገኘም። እኛ ቤት ይበላ፣ እኛ ቤት ያድር ስለነበር ለእናቱ መንገር የኛ ግዴታ ሆነ። የሄደው አጎቴ ነው፤ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ። አማርኛው ግን ከገበያ የተለቀመ ስለሆነ እኔን አስከተለኝ።

በኛ ዘንድ መርዶ የያዘ ሰው በር ላይ ቆሞ ይናገራል። መቲ ስንደርስ ግን ቤቷን የጠየቅናቸው ጎረቤቷ፣ ከደጋ መጥተው የሰፈሩ አዛውንት፣ ጉዳያችንን ሲሰሙ ክንዴን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱን።

"በጠራራ ፀሐይ መርዶ አይነገርም፣ ልጄ። ነገ ጎህ ሲቀድ ሰፈሩ ተሰብስቦ ይነግራታል። እስከዚያ ማር ልትገዙ የመጣችሁ ናችሁ። ፊታችሁ ላይ ምንም እንዳታይ።"

"እናት ነው። አሁን መስማት አለበት" አለ አጎቴ።

"ብቻዋን ሰምታ ትውደቅ?" አሉት።

ጉዱ ደግሞ ለእንግዳ ማደሪያ ያለው የሷው ጠጅ ቤት ብቻ ነበር። አዛውንቱ ራሳቸው ይዘውን ገቡ።

ቀጭን፣ ፈጣን፣ ተጫዋች ሴት ናት። ከጋምቤላ መምጣታችንን ስትሰማ ፊቷ በራ።

"ልጄ እዚያ ነው! ታውቁታላችሁ?"

"እናውቀዋለን" አልኩ።

"ከስቷል?"

"አልከሳም።" ውሸት አልነበረም።

ደስታዋን የምታደርግበት አጥታ ጋኖቿን ልታሳየን ተነሣች። ከቤቱ ጀርባ መስኮት የሌላት ክፍል አለች፤ ጋኖቹ እስከ ወገባቸው መሬት ውስጥ ተቀብረው ተደርድረዋል። ጋን በግራዋ ታጥቦ በወይራ ጭስ ካልታጠነ ጠጁን እንደሚያበላሸው፣ ጌሾው መቼ እንደሚወጣ፣ የጫካ ማር በምን እንደሚለይ እየነካካች ነገረችን። አንዱ ጋን ላይ ጆሮዬን አስጠጋችኝ፤ ገና እየፈላ ነበርና ውስጡ ይንሾካሾካል። ሌላ ቀን ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። ያን ቀን ግን እንዲያ መደሰቷን ጠላሁት።

ጥግ ላይ ያለው ጋን አፉ በጨርቅና በጭቃ ተመርጓል፤ ጭቃው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። "ይሄ የሱ ነው" አለች። "ወደናንተ የወረደ ሰሞን ከደንኩት። ለሠርጉ ነው።" ቆም ብላ አየችኝ። "ግን ከዚያ ቆላ ሰው ስንቴ ይመጣል? እስኪ ይቅመሰው።" ቢላዋ አነሣች።

"ተይ እንጂ፣ ለሠርጉ ብለሽ" አሉ አዛውንቱ።

"እማማ፣ አይክፈቱት" አልኩ እኔም።

ሳቀች። "ጴንጤ ሆነሽ ነው? አይዞሽ፣ ላንቺ አይደለም።"

ጭቃውን ፍቃ ጨርቁን ስታነሣ የማሩ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ጠጁ ጥርት ብሏል። ትንሽ ጄሪካን ሞላች፣ አፉን በፌስታል አሰረችና እጄ ላይ አኖረችው።

"በእጁ ስጪልኝ። ለሌላ ሰው እንዳትሰጪ፤ እሺ?"

አጎቴን አየሁት፤ መሬት መሬቱን ያያል። "እሺ" አልኳት።

ጎህ ሲቀድ መጡ፤ ወንዶቹ ፊት፣ ሴቶቹ ኋላ። በሩን ከፍታ ያን ሁሉ ሰው ስታይ፣ ማንም አፉን ሳይከፍት ገባት። ጩኸቷን አልጽፈውም። አዛውንቱ ልክ ነበሩ፤ ስትወድቅ ብዙ እጅ ያዛት። እኔን ግን እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ሰፈሩ ሁሉ ለመውደቋ ተጠነቀቀላት፤ ያን ጋን ከመክፈት ያዳናት ግን የለም።

ስንሰናበታት ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር። ጄሪካኑን እግሯ ሥር አስቀመጥኩት፤ ገፍታ መለሰችልኝ።

"ትናንት ስትቀበዪኝ ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። "እሺ ብለሽኛል" አለች። "አድርሺለት።"

መጠጥ ቀምሶ የማያውቀው አጎቴ ያን ጄሪካን እስከ ጋምቤላ ጉልበቱ ላይ ይዞት ሄደ። በቤተ ክርስቲያናችን ለሙት መጠጥ ማፍሰስ ኃጢአት ነው፤ የሚያስተምረንም እሱ ነበር። ባሮ ዳር ወርደን ወንድሜ ታንኳ ላይ ወጣ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። የተገለበጡበት ቦታ ስንደርስ አጎቴ ፌስታሉን ፈትቶ ጄሪካኑን ሰጠኝ። ያፈሰስኩት ጠጅ ለአፍታ ቢጫ ሆኖ ታየ፤ ከዚያ ድፍርሱ ወሰደው።

"ከእናትህ ነው" አልኩት።